የዶቃ ሦስተኛው ምጥ

በእንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም "እትዬ ጓንት" ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት በእጆቿ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ እጅ ወስደው አምሳ አራት ዓመት በሞላት ሴት ክንድ ላይ የገጠሙት ይመስላል። የሕክምና ዕቃ የሚያመጣው ሾፌር ካርቶኖቹን ሲያራግፍ ከሁሉም ትንሹን የጓንት ቁጥር ለይቶ ያወጣና፣ "ይቺ እንኳ የማን እንደሆነች አልጠይቅም፤ የአሻንጉሊቷ ናት" ይላታል።

"አሻንጉሊት በጥፊ ስታጮል አይተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ እንኳንም አላየሁ!"

ይህችን ቀልድ ዓመታት ተቀባብለዋታል፤ አንዳቸውንም አልሰለቸቻቸውም።

ወደ ክሊኒኩ የገባችው በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ኮሪደሩን እየወለወለች ሳለ፣ ያኔ የነበሩት ሽማግሌ ዶክተር በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ብቅ ብለው መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥለው እጇን አዩ። ውስጥ ከድመት የማትበልጥ ውሻ አምጣ አምጣ ደክማ ተዘርራለች። ቡችላው መውጫው ላይ ተሰንቅሯል፤ የዶክተሩ ጣት ደግሞ ወፍራም ነው። "መወልወያውን ተዪውና እጅሽን ታጠቢ" አሏት። ታጠበች። በዚያች እጅ ያወጣችው ቡችላ ጮኸ። ከዚያን ቀን ወዲህ መወልወያውን ሌላ ሰው ያዘው።

ሥራዋ ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። የእናቲቱን ሆድ ትላጫለች፣ ታጥባለች፣ ማደንዘዣው እስኪይዛት ጭንቅላቷን ደግፋ ታባብላታለች። ዶክተሩ ከማህፀን እያወጣ የሚያቀብላትን ቡችላ በፎጣ ትቀበላለች፤ አፍና አፍንጫውን በጎማ መምጠጫ አጽድታ ጀርባውን ታሻለች። ታሻለች፣ አሁንም ታሻለች። ሌላው ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲያራግፍ እሷ ገና መጀመሯ ነው።

"ተነስ አንተ ሰነፍ! ለዚህ ነው እናትህን እንዲህ ያስጨነቅኸው? አፍህን ክፈት እንጂ!"

አንዳንዱ ሲቆጡት ይነሳል። "እትዬ፣ አንቺ እኮ የሞተን ሰድበሽ ታስነሻለሽ" ይላታል አሁን ያለው ዶክተር። ወጣት ነው፤ በእናቱ ዕድሜ ስለሆነች ሲያዛት እንኳ ልመና ያስመስለዋል።

እሷ ግን ቡችሎቹን ስትሰድብ የምትቆጣው በእነሱ አይደለም። የምትቆጣው በሰው ነው። ሰው በእቅፍ የሚያዝ፣ ጭንቅላቱ ክብ፣ አፍንጫው ድፍጥጥ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ ውሻ አየና ወደደ። ወደደና አሳነሰ። እያሳነሰ፣ እያሳነሰ መጣና፣ ዳሌዋ ከቀለበት ብዙም የማይሰፋ እናት ላይ ሎሚ የሚያህል ጭንቅላት ጫነባት። ከዚያ በምጥ ስትያዝ "ውይ፣ ምስኪን" ይላታል። ማን ምስኪን አደረጋት?

በዚህ ላይ ገና በማህፀን ሳለ የሚበላሽ ጽንስ አለ። አንዳንዱ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀምበትና እንደ ኳስ ይነፋል። ሌላው ከቆዳው ሥር ውሃ ይሞላበትና መላ ሰውነቱ አብጦ የወንድሞቹን ሦስት እጥፍ ያህላል። በክሊኒኩ "የውሃ ቡችላ" ይሉታል። እንዲህ ያለው መንገዱ መሃል ይሰነቀራል። ከኋላው ያሉት ጤነኞች ተራቸውን ሲጠብቁ ይታፈናሉ፤ ካልደረሱላት እናቲቱም አብራቸው ትሄዳለች።

የመጀመሪያውን የውሃ ቡችላ ያየችው ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ነው። የውሻዋ ባለቤት ወጣት አስተማሪ ነበረች፤ ቡችላውን ስታይ እዚያው ወንበሩ ላይ ራሷን ሳተች። እትዬ ጓንት አንጀቷ ተንሰፈሰፈና በዚያው ሳምንት አንድ ደንብ አወጣች። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ ወዲህ የተበላሹትን በአረንጓዴ የቀዶ ጥገና ጨርቅ ትጠቀልላቸዋለች። አራቱንም ማዕዘን አጥፋ፣ ባዶ የጓንት ካርቶን ውስጥ አስተኝታ፣ ክዳኑን ትገጥማለች። ወደ ማረፊያው ክፍል ወጥታ ለባለቤቱ ሁለት ቃል ብቻ ትናገራለች። "አልተረፉም። አይዞዎት።" ምን ይመስሉ እንደነበር አትናገርም። በመዝገቡ ላይ "ሙት ተወለደ" ብላ ትጽፋለች። "ምክንያት" በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ፣ የሚያነበው ሰው እንዳይከፋው፣ "የእናት ድካም" ትላለች። ሽማግሌው ዶክተር "ይህች ሴት ልብ አላት" ብለው ደንቧን የክሊኒኩ ደንብ አደረጉት። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላም ደንቡ እንዳለ ቀጠለ።

ይህ ደንብ ከየት እንደመጣላት ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እሷም አምጣ ነበር። ሕፃኑ ሙት ተወለደ። አዋላጇ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። "አትዪው፤ ላንቺው ብለን ነው" አሏት። ባሏ አየ፤ እሷ አላየችም። አማቷ ለጎረቤት፣ "ምን ታድርግ፣ ጉልበት የላትም፤ ደካማ ናት" ሲሉ በመስኮት ሰማች። በኋላ ወንድ ልጅ ወልዳ አሳድጋ ድራለች፤ የዚያ አንሶላ ነገር ግን በቤታቸው ውስጥ አንድም ቀን አልተነሳም። ደግነት ነው ብላ አመነች። ባታምን ምን ልታደርገው?

*

ጋሼ ሪባን የሚባሉት ሰውዬ የትናንሽ ነጭ ውሾች አርቢ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው እሷው ናት። ቡችላ ለገዢ የሚያስረክቡት አንገቱ ላይ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ሪባን አስረው ነው። ጫማቸው እንደ መስታወት ያበራል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ አፋቸው ማር ነው። ዐሥራ ሁለት ውሾች ስላሏቸው ገና በሩ ላይ ሲታዩ ወንበር ይሳብላቸዋል።

ከውሾቻቸው ሁሉ የእትዬ ጓንት ወዳጅ ዶቃ ናት። አራት ዓመት ተኩሏ ነው። ግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ሻይ የፈሰሰባት የምትመስል ጠቆር ያለች ምልክት አለቻት። ሲያማት አትጮኽም፤ አገጯን የሰው መዳፍ ላይ ታሳርፍና ዝም ትላለች። እንደዚህ ያለ ዝምታ እትዬ ጓንትን ከጩኸት ይብስባታል።

በመጀመሪያው ምጧ ሦስት ወለደች። አንዱ የውሃ ቡችላ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ስለመጣ በእትዬ ጓንት ጣቶች ወጣ። ከተረፉት ሁለቱ ወንዱ አድጎ በውሾች ውድድር አንደኛ ወጣና "ባለ ሜዳሊያው" ተባለ፤ ሴቷ ተሸጠች። በሁለተኛው ምጧ ሆዷ ተቀደደ፤ ሁለት የውሃ ቡችሎችና አንድ ጤነኛ፣ ሦስቱም ሙት። ዶክተሩ ያኔ፣ "ጋሼ፣ ጽንሶቹ ጤነኛ አልነበሩም፤ ይቺ ልጅ ዳግመኛ አታርግዝ" አላቸው። "እሺ ዶክተር፣ አንተ ካልክ" አሉ። በአንዱ ጆሮ ሰምተው በሌላው አፈሰሱት።

አንድ ማክሰኞ ክሊኒኩ እንደተከፈተ ጋሼ ሪባን ቅርጫት አንጠልጥለው ገቡ።

"እህቴ፣ ዛሬም መጣንብሽ!"

ቅርጫቱ ውስጥ ዶቃ ናት። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እትዬ ጓንት ጅራቷን ቀና ስታደርግ ከሥር ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ አየች፤ የእንግዴ ልጁ ተላቋል ማለት ነው። ልጅ ሳይወጣ ይህ ከታየ ደግሞ ውስጥ ያሉትን አየር እያጠራቸው ነው።

"ማማጥ የጀመረችው መቼ ነው?"

"እንዲያው ሌሊት ትንሽ ስታቃስት ነበር።"

"ሌሊት! ታዲያ እስካሁን ምን ይጠብቃሉ?"

"በራሷ ትወልዳለች ብዬ ነዋ። ተፈጥሮ እኮ ናት፣ እህቴ።"

ተፈጥሮ! እትዬ ጓንት ጥርሷን ነክሳ ዶቃን ከቅርጫቱ አወጣቻት። ውሻዋ አገጯን መዳፏ ላይ ጣለች።

"አባታቸው ማን ነው?"

"ባለ ሜዳሊያው ነዋ! ከሱ የተሻለ ከየት ይመጣል?"

"ልጇ?"

"ያምናውም ከሱ ነበር።" ጋሼ ሪባን ፈገግ አሉ። "ውሻ መቼ ዘመድ ያውቃል፣ እህቴ?"

"ውሻውማ አያውቅም" አለቻቸው። "እርስዎ ግን ያውቃሉ።"

ዶክተሩ የራጁን ፊልም መብራት ላይ ሰቀለው። ሆዷ ውስጥ አራት አከርካሪዎች ይታያሉ፤ መውጫው አፍ ላይ ደግሞ አንድ የራስ ቅል፣ ከዶቃ ከራሷ ጭንቅላት የማይተናነስ፣ ልክ እንደ ቡሽ ተወትፏል።

"አሁኑኑ መቀደድ አለባት" አለ ዶክተሩ። "ጋሼ፣ በዚያው ማህፀኗንም ላውጣው። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው እንል ነበር። ሦስት ጊዜ፣ ያውም ሁለቱ ከገዛ ልጇ! ማህፀኗ ባለፈውም ሳስቶ ነበር፤ አራተኛ ምጥ ይገድላታል።"

ሰውዬው የፈቃድ ቅጹን ተቀበሉ። ቅጹ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ለቀዶ ጥገናው፣ ሁለተኛው ማህፀን ለማውጣት። መጀመሪያው ላይ ፈረሙ። ሁለተኛው ላይ ብዕራቸውን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርገው አሰመሩበት። በማስመሪያ የተሰመረ ነበር የሚመስለው።

"ማህፀኗ አይነካም። ቡችላ ቃል የገባሁላቸው ሰዎች አሉ። እሷ ደግሞ ምንም በሽታ የለባትም፤ ትንሽ ደከም ትላለች እንጂ። ቫይታሚን እሰጣታለሁ።"

"ድካም አይደለም ጋሼ፤ ጽንሶቹ እኮ…"

"ዶክተር፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ግን ማንበብ እችላለሁ።" ቆም ብለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። "ይኸው። ዶቃ። 'ምክንያት፣ የእናት ድካም።' ያምናውንም እይ። 'የእናት ድካም።' እኔ ነኝ እንዴ የጻፍኩት? የናንተው እጅ ነው።"

እትዬ ጓንት ጽሑፉን አየችው። ደቃቅ፣ ቅልብጭ ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው። የሷው ነው። ለመከራከር ግን ጊዜ አልነበረም። ዶቃን አቅፋ ወደ ውስጥ ገባች።

*

ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ከመተንፈሻው መሣሪያ ቲክ ቲክ በቀር ድምፅ የለም። መጀመሪያ የወጣው ጭንቅላቱ የተነፋው ነው። የራስ ቅሉ አጥንት ከመሳሳቱ የተነሣ ከጣት በታች እንደ እንቁላል ልጣጭ ይሰረጉዳል። ሞቷል። ሁለተኛው የውሃ ቡችላ ነው። አንገት የለው፣ እግሮቹ በእብጠቱ ውስጥ ሰጥመው ጥፍሮቹ ብቻ ይታያሉ፤ እጅ ላይ ሲያርፍ እንደ ሙቅ ውሃ ከረጢት ይዋዥቃል። እሱም ሞቷል። ሦስተኛው ቆንጆ ነበር። ምንም አልጎደለውም፣ ጢሙ ሳይቀር አለ። እሱን ረጅም ጊዜ አሸችው፤ ሰደበችው፣ ለመነችው፣ እንደገና ሰደበችው። አልሰማትም። ሌሊቱን ሙሉ ከተዘጋ በር ኋላ ቆሞ ታፍኗል።

አራተኛዋ ከሁሉ ታንሳለች፤ ሰማያዊ ሆናለች። "አንቺ ደግሞ እንዳትሞክሪያት!" አለቻት እትዬ ጓንት። መጠጠችላት፣ አሸቻት፣ ደረቷን በሁለት ጣት ነካ ነካ አደረገችላት። በመጨረሻ የዛገ ማጠፊያ የሚመስል ሲጥ የሚል ድምፅ ወጣ። ከሙቀት መብራቱ ሥር አስተኛቻት።

"እትዬ" አለ ዶክተሩ ራሱን ከዶቃ ሆድ ሳያነሣ። "ማህፀኑን ነይ እዪው። እንደ ስስ ወረቀት ሆኗል። ሰፍቼ ከመለስኩት በሚቀጥለው እርግዝና ይፈነዳል። ግን ሰውዬው ሰርዘውታል፤ ሳይፈርሙ ባወጣው ሥራዬን ያሳጡኛል። አሥር ደቂቃ እይዛታለሁ፤ ከዚያ በላይ ማደንዘዣው ላይ ማቆየት አልችልም።"

እትዬ ጓንት ወደ ሞቱት ቡችሎች ዞረች። እጇ እንደ ልማዱ አረንጓዴውን ጨርቅ አነሳ፤ ሦስቱን አስተኛቸው። አንደኛውን ማዕዘን አጠፈችው። ሁለተኛውን አጠፈችው። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

ድካም። ማን ነው የደከመው? ሌሊቱን ሙሉ ብርቱካን የሚያህል ጭንቅላት በቀለበት ውስጥ ለማሳለፍ ስትታገል ያደረችው ናት የደከመችው? ሰውዬው ንጹሕ አልጋቸው ላይ ሲያንኮራፉ፣ እሷ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ስትገፋ ያደረችው? ይህንን ቃል በመዝገቡ ላይ ማን ጻፈው? እኔ። ማን ሸፈነላቸው? እኔው። ባለቤቶቹ እንዳይደነግጡ ስል፣ መደንገጥ የነበረበትን ሰውም አብሬ ከድንጋጤ ጠበቅኩት። በዚህ ጨርቅ አጣጥፌ፣ በዚህ ካርቶን ከድኜ፣ ሪባኑን ለሳቸው ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ!

ደሟ ፈላ። ጨርቁን ገለጠችው። ሦስቱን የብረት ትሪ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው፤ ደምና ውሃቸውን እንኳ አልጠረገችም።

"እትዬ፣ ወዴት ነሽ?"

"አሥሩን ደቂቃ ያዝልኝ" አለችና በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

*

ማረፊያው ክፍል ውስጥ ጋሼ ሪባን እግራቸውን አነባብረው ያወራሉ። አጠገባቸው አንዲት አሮጊት ሹራብ እየሠሩ ተቀምጠዋል። በክሊኒኩ "እማማ ሹራብ" ይሏቸዋል። ጉልበታቸው ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ውሻ ልቃቂት ትባላለች። ከመጀመሪያው ምጥ የተረፈችው የዶቃ ልጅ እሷ ናት። አምና ወልዳ ቡችሎቿ ሁሉ ሞተውባታል፤ አሁን ደግሞ አርግዛ ለምርመራ መጥታለች።

"አይዞዎት፣ ዘንድሮ የሚያምሩ ነው የሚወልዱልዎት" እያሏቸው ነበር ጋሼ ሪባን። "አባታቸው እኮ ሜዳሊያ አለው!"

እትዬ ጓንት ትሪውን ሰውዬው ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ልክ እዚያው በቀረው የፈቃድ ቅጽ ላይ አስቀመጠችው።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ጋሼ ሪባን ተነሥተው ግድግዳው ጋ ደረሱ።

"ምንድን ነው ይሄ?! ሸፍኚው!"

"የርስዎ ናቸው። ቀርበው ይዩአቸው።"

"እህቴ፣ ሸፍኚው አልኩሽ፣ በፈጠረሽ!"

"አሥር ዓመት ሸፍኜልዎታለሁ። ዛሬ አልሸፍንም።" ትንሿን አመልካች ጣቷን ወደ ትሪው ቀሰረች። "ይሄ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ የሞላበት ነው። ይሄኛው መላ ሰውነቱ ውሃ ነው። ይሄን ይዩት፣ ይሄ ጤነኛ ነበር! ወንድሞቹ መንገድ ዘግተውበት እርስዎ እስኪነጋ ሲጠብቁ ታፈነ። አሁን የእናት ድካሙ የቱ ጋ እንዳለ ያሳዩኝ። በጣትዎ ያሳዩኝ!"

"አላውቅም ነበር!" ጮኹ ሰውዬው። ፊታቸው ወረቀት መስሏል። "እንዲህ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ማን አሳይቶኝ ያውቃል? አንቺ ነሽ 'አልተረፉም' እያልሽ የምትመልሺኝ!"

ያ እንደ ጥፊ አረፈባት፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነበር። መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ሌላ ድምፅ ቀደማት።

"ልጄ" አሉ እማማ ሹራብ። ሹራቡ ከእጃቸው ወድቋል። ዓይናቸው ከትሪው አይነቀልም። "ያምናዎቹ የልቃቂትም እንዲህ ነበሩ?"

እትዬ ጓንት ሁለቱ ቃላት አፏ ላይ መጡ። ዋጠቻቸው።

"አዎ፣ እማማ። ሁለቱ እንዲህ ነበሩ።"

"አልተረፉም፣ አይዞዎት ብለሽ እጄን ይዘሽኝ ነበር።"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ብርድ አስመትቻት ነው ብዬ… ያን ሰሞን በረንዳ ላይ አስተኝቻት ነበር። ይኸው ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም ኖርኩ። አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሮጊቷ ልቃቂትን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። "ለመሆኑ አባታቸው ያው ነው?"

"ያው ነው። ባለ ሜዳሊያው። የዶቃ ልጅ ነው፣ እማማ፤ የልቃቂት ወንድም። አብረው ነው የተወለዱት።"

እማማ ሹራብ ቀስ ብለው ወደ ጋሼ ሪባን ዞሩ።

"ወንድሟ ነው እንዴ? 'ዘራቸው አንድ ነው' ሲሉኝ እኔ ሞኟ ሙገሳ መስሎኝ! ምርቃት መስሎኝ አመስግኜ ሄድኩ!"

"እማማ፣ ይህ በአርቢዎች ዘንድ የተለመደ…"

"ዝም በል!" አሉ፤ "እርስዎ" እዚያው ላይ ቀረ። "ልጅን ከእናቱ፣ ወንድምን ከእህቱ እያጋባህ፣ ሪባን ታስርበታለህ? አፈር ብላ! በል አሁን እዚያ ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ ለተኛችው ያለብህን አድርግ። ምንድን ነው የቀረው፣ ልጄ?"

"ፊርማ ነው" አለች እትዬ ጓንት። "ማህፀኗ እንዲወጣ። ዶክተሩ እጁ ሆዷ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።"

"ፈርም።"

ጋሼ ሪባን ዙሪያቸውን አዩ። ወረቀቱ ትሪው ሥር ነው።

"እሺ… እሺ። አንሽልኝ እንግዲህ።"

እትዬ ጓንት እጆቿን አጣመረች። "እርስዎ ያንሱት።"

እነዚያ ሪባን ማሰር የሚያውቁ ንጹሕ ጣቶች የትሪውን ጠርዝ ያዙ። ሲያነሡት የውሃው ቡችላ ተንሸራቶ የሸሚዛቸውን እጅጌ ነካ፤ ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ። ወረቀቱን ሳቡት። ያንን ቀጥ ያለ ስርዛቸውን ተሻግረው ፈረሙ። ይህኛው ፊርማ ጠማማ ነበር። ወረቀቱም ጥጉ ላይ ረጥቦ ነበር፤ እትዬ ጓንት እንዲያው እንደረጠበ ይዛው ሮጠች።

*

ከቀትር በኋላ ዶቃ ነቃች። ሆዷ ላይ ማሰሪያ አለ፤ ከማሰሪያው በላይ ያቺ ሰማያዊ የነበረች፣ አሁን እንደ ጽጌረዳ የቀላች ቡችላ ተለጥፋ ትጠባለች። ዶቃ ላሰቻት፤ ከዚያ አገጯን እትዬ ጓንት መዳፍ ላይ ጣል አደረገች። ከእንግዲህ አታምጥም። ከዚህ በኋላ የሚጠበቅባት ውሻ መሆን ብቻ ነው።

ጋሼ ሪባን በማግሥቱ ሊወስዷት ተመልሰው እንደሚመጡ ተናግረው ማንንም ሳይሰናበቱ ሄደዋል። ዶክተሩ ልቃቂትን በአልትራሳውንድ አየ። ሦስት ልቦች ይመታሉ፤ አንደኛው ጽንስ ግን ከአሁኑ አሳስቦታል። የመውለጃ ቀኗ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ቀን ምጥ ሳይጀምራት እንዲያመጧት፣ ቢላውም እሱም ተዘጋጅተው እንደሚጠብቋት ለእማማ ሹራብ ነገራቸው።

አሮጊቷ ሹራባቸውን ከመሬት አንሥተው አራገፉ። እትዬ ጓንት በሩ ድረስ ሸኘቻቸው፤ ይቅርታ ልትላቸው ስትጀምር በእጃቸው ምልክት አቋረጧት።

"በጎ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ" አሉ ሳያዩዋት። "ግን በጎነትሽ እኔን አልጠቀመኝም፤ እሱን ነው የጠቀመው።" ደረጃውን ሁለት ወርደው ቆሙ። "ቀኗ ሲደርስ አመጣታለሁ። የወለደችው ምንም ይሁን ምን፣ እንዳትጠቀልዪብኝ።"

"አልጠቀልልም፣ እማማ።"

ተመልሳ መዝገቡን ከፈተች። የዶቃን ሦስተኛ ምጥ ጻፈች። አንዱ የጭንቅላት ውሃ፣ አንዱ የመላ አካል እብጠት፣ አንዱ ጤነኛ ሆኖ በመዘግየት የታፈነ፣ አንዷ በሕይወት። አባት፣ የገዛ ልጇ። "ምክንያት" በሚለው ሥር "የጽንስ ብልሽት" አለች፤ ቀጥላም "ባለቤቱ ተነግሮት ነበር" ብላ ጨመረች። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠች። የእናት ድካም። የእናት ድካም። የእናት ድካም። ገጽ በገጽ፣ ዓመት በዓመት፣ በዚያው በደቃቁ ጽሑፏ። የስንት እናት ስም ነው ያጠፋሁት አለች፤ መዝገቡን ጥርቅም አድርጋ ስትዘጋው ዶክተሩ ከውስጥ "እትዬ፣ ምን ወደቀ?" ብሎ ጮኸ።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልመሸም። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ይልጣል።

"ዛሬስ ስንት ውሻ ሰድበሽ መጣሽ?"

"አንድ ሰው" አለች። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም፤ ቆማ ቀረች። "ያን ቀን አይተኸዋል አይደል?"

"የቱን ቀን?"

"አዋላጇ በአንሶላ ይዛ ስትወጣ።"

ቢላዋው ድንቹ ላይ ቆመ።

"ለሷ አትንገር ብለውኝ…"

"ምን እንዳሉህ አልጠየቅኩህም። ወንድ ነበር ሴት?"

ድንቹን በእጁ አገላበጠው።

"ሴት" አለ።

"ጸጉርስ?"

"ነበራት። ጥቁር፣ ብዙ። ጣቶቿ ደግሞ ረጃጅም ነበሩ፤ የኔን ነበር የወሰደችው።"

ረጃጅም ጣቶች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያንን ሕፃን ባሰበች ቁጥር፣ የራሷን ትናንሽ እጆች ነበር የምታየው። እንባዋ መጣ፤ ከእንባዋ በፊት ግን ቁጣዋ መጣ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት! ይህን ሁሉ ዓመት ለብቻህ ይዘኸው ከኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛህ!"

"ላንቺው ብዬ እኮ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ" አለች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ድንቹንም ቢላዋውንም ከእጁ ነጥቃ ወሰደች። "በል ቀጥል። ዓይኗስ?"